የመንገድ ትል ያልኩት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሰገራ ሳይ ኖርኩ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ «አገሬን አገለገልኩ» ይላል፤ እኔም እንዲያ ያለ ንግግር እንዳደርግ ተጠይቄ ነበር። አሶሳ በነበረው የሽኝት ቀን ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፣ ኃላፊው «እናታችን» እያለ አመሰገነኝ። እኔ የማስበው ግን ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ላቦራቶሪ ውስጥ የሰማሁትን አንድ ቃል ነበር።

ተረኛዋ ባለሙያ ጎበዝ ሴት ናት። ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰች «እትዬ ዘነበች፣ ይሄ የሚንቀሳቀሰው ምን ልበለው?» አለችኝ። ሳልመልስላት ራሷ መለሰችው። «ተዪው፣ ከመንጌ ወረዳ ድረስ የመጣ ነው። የመንገድ ትል ነው።»

ያንን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ። መተከል ሳለሁ ለቀልድ የወረወርኩት ነገር ከባለሙያ ወደ ባለሙያ ተላልፎ አሶሳ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ስላይዱን አብረን ደግመን አየነው፣ የበሽተኛውን ወንድም ጠርተን ናሙናው መቼ እንደወጣ ጠየቅነው። የዚያን ቀን ምንም ስህተት አልነበረም። ቢሆንም በሽኝቱ ላይ ጋቢው ትከሻዬ ላይ ሆኖ ላብ አጠመቀኝ። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ልጻፍ ካልኩ መጻፍ ያለብኝ ስለ አንድ ስላይድ ነው። የቀረውን ባጭሩ አልፋለሁ።

ወሎ ተወልጄ በሰፈራው ጊዜ ከእናቴ ጋር ፓዌ የገባሁ ልጅ ነኝ። ፓዌ ስንደርስ ቀድሞ የተቀበለን ወባ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲታመም አንድ ነጭ ገዋን የለበሰ ሰው ጣቱን ወግቶ ደሙን መስታወት ላይ ቀባና አንዲት ጥቁር መሣሪያ ውስጥ አየ። ከዚያ ለእናቴ ራሱን ነቀነቀላት። ወንድሜ ሞተ። ያ ሰውዬ በዚያች ቀዳዳ ምን እንዳየ ማወቅ አለብኝ ብዬ ነው ይህን ሙያ የያዝኩት። ተምሬ ስጨርስ መጀመሪያ ባምባሲ ተመደብኩ፤ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፣ ከዚያ አላለፈም። ቀጥሎ ማንቡክ ተዛወርኩ።

ማንቡክ ላይ ጋሽ ውብሸት የሚባል አሮጌ የላቦራቶሪ ሰው አገኘሁ። ቀጭን፣ ነጭናጫ፣ ሲስቅ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ የሆነ ሰው። ናሙና ሲቀበል አስቀድሞ የሚጠይቀው ስም አልነበረም። «ስንት ሰዓት ወጣ?» ይላል። መልሱን የናሙናው ዕቃ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። አላውቅም ያለውን «ሂድና ሌላ አምጣ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ግማሽ ቀን በእግሩ የመጣም ቢሆን። ጨካኝ ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱን ያስረዳኝ በሥዕል ነው። ሁክዎርም፣ መንጠቆ ትል የምንለው፣ በሰገራ የሚወጣው እንቁላል ሆኖ ነው። ሰገራው ሙቀት ላይ ከዋለ ግን እንቁላሉ ዕቃው ውስጥ ይፈለፈልና እጭ ይሆናል። ስትሮንግሎይድስ የሚባል ሌላ ትል አለ፤ የሱ እንቁላል አንጀት ውስጥ ስለሚፈለፈል ትኩስ ሰገራ ላይም የሚታየው እጩ ነው። የሁለቱ እጮች ወንድማማች ይመስላሉ። የሚለዩት በአፋቸው ነው፤ የሁክዎርሙ የአፍ ቱቦ ረዘም ይላል፣ የስትሮንግሎይድሱ አጭር ነው። ይህን ለማየት አዮዲን ጠብ አድርጎ፣ እጩ መገላበጡን እስኪያቆም ታግሶ፣ አብዝቶ በሚያጎላው በአርባው ሌንስ ማየት ያስፈልጋል። ጋሽ ውብሸት ታግሶ ብቻ አያበቃም፤ ያየውን በደብተር ይሥለዋል። «ስሙ ለኋላ ነው ዘኒ፣ መጀመሪያ አካሉን» ይለኛል። ሲጠራጠር ደግሞ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጦ ይገለብጥና ሰገራውን በስስ የቁስል ጨርቅ ቋጥሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያንጠለጥላል። እጩ ከሰገራው ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል። እስኪወርድ ሰዓታት እንጠብቃለን። ወረፋው በር ላይ ሲንጫጫ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ፕላስቲኩ አጠገብ ይቀመጣል።

«ይሄ ትል ታጋሽ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ሰው ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ምንም ላይል ይችላል። ቀን ነው የሚጠብቀው።»

እሱ ጡረታ ሲወጣ እኔ ወደ አንድ የመተከል ሆስፒታል ተዛወርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እዚያ ያለው ወረፋ ከማንቡክ ሦስት እጥፍ ነበር። በዚያ ላይ ለአካባቢው ሰው፣ በተለይ ለሴቱ፣ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ መጸዳዳት ነውር ነው። ባል፣ አማች፣ ጎረቤት ወረፋ ላይ ቆሞ እያየ ዕቃ ይዞ ሽንት ቤት መግባት ከሞት እኩል ነው። ስለዚህ ከየቤታቸው፣ በመድኃኒት ብልቃጥም በቅጠልም ጠቅልለው፣ በነጠላ ሸፍነው ያመጡታል። ከቡለን፣ ከማንቡክ፣ ከገጠሩ ሲመጡ አውቶቡስ ላይ አብሯቸው ሲቀቀል ይውላል። እኛ ጋ ሲደርስ እጭ ይርመሰመስበታል። መጀመሪያ ሰሞን «ስንት ሰዓት ወጣ?» እል ነበር። እየቆየሁ መጠየቅ ተውኩ፤ መልሱ ሁሌም ያው ነው። ቅጹ ላይ አድራሻውን አያለሁ። ሩቅ ከሆነ «የመንገድ ትል» ብዬ እስቃለሁ፣ ሁክዎርም ብዬ እጽፋለሁ። ባልደረቦቼም ሳቁ፣ ቃሉንም ያዙት።

ጥሩነሽ የመጣችው ከቡለን ነው። ሺናሻ ናት፣ የገበሬ ሚስት፣ ዕድሜዋ ሠላሳ ቢደርስ ነው። ጉንጮቿ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል፣ የጣቶቿ አንጓ አባብጧል። ባሏ ደሳለኝ ክንዷን ይዞ አስገባት። አፉን የፈታው በሺናሽኛ ስለሆነ ሲቸኩል ወንድና ሴት ይቀላቀሉበታል። «ሲስተር፣ እባክህ ቶሎ እይልኝ» አለኝ። እኔ ሲስተር አይደለሁም፣ ግን ነጭ ገዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት።

«ማበጠሪያ መያዝ አቃተኝ እህቴ» አለች እሷ፣ ጣቶቿን እየዘረጋች። «ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯን የምትሠራላት ጎረቤት ናት። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ዶክተሩ ወጣት ነበር፣ ናትናኤል ይባላል። በሽታዋን ሉፐስ ነው አለው። የሰውነት ዘበኛ ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ሰው የሚደበድብበት ሕመም ነው። መድኃኒቱ ፕሬድኒሶሎን ያንን ዘበኛ ያስተኛዋል። ዘበኛው ሲተኛ ግን ቤት ውስጥ የተደበቀ ሌባ ካለ ይነሳል። ዶክተሩ ይህን ያውቅ ስለነበር መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ሰገራ አዘዘ፣ ቅጹም ላይ በተለይ አስምሮ ጻፈበት።

ቅጹ ላይ አድራሻ በሚለው ቦታ «ቡለን» ይላል። ዕቃውን ስቀበል ለብ ይል እንደነበር ዛሬም እጄ ያስታውሰዋል። ጥሩነሽ ያን ሌሊት ያደረችው ሆስፒታሉ ጀርባ ያለች አክስቷ ቤት ነው፤ ናሙናው ከወጣ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም ነበር። አልጠየቅኋትም። ስላይዱን ሠራሁ፣ በአሥሩ ሌንስ አየሁ፣ እጭ ይገላበጣል። አዮዲኑ ቀኝ እጄ አጠገብ ነበር። ደሟ ላይም አለርጂና ትል ሲኖር የሚበዙት ነጭ ሴሎች በዝተው ነበር፤ እሱንም ለሁክዎርሙ ሰጠሁት። ጽፌ ፈረምኩ።

ዶክተር ናትናኤል ወረቀቱን ይዞ ራሱ መጣ። «እጭ ነው ያየሽው ወይስ እንቁላል? እርግጠኛ ነሽ?»

«ከቡለን እኮ ነው የመጣው ዶክተር» አልኩት። «የመንገድ ትል ነው።»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ለሁክዎርም አንዲት ፍሬ አልቤንዳዞል ሰጣት። ያቺ ፍሬ ስትሮንግሎይድስን አትነቅለውም። በማግስቱ ፕሬድኒሶሎኑ ተጀመረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥሩነሽ ለቀጠሮ መጣች። ሽፍታው ጠፍቷል። ጣቶቿን አጠፈች ዘረጋች፣ እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ሳቀች። ልጇን ፍሬሕይወትን ይዛት መጥታ ነበር፤ የልጅቷ ራስ ሹሩባ ተሠርቷል፣ አንዱ መስመር ወደ ጎን ሄዷል። «እኔ ነኝ የሠራኋት፤ ጠማማ ነው፣ ግን የኔ ነው» አለችኝ። በሥራ ዘመኔ የደስታ ቀን ቢኖር ያ ነው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በቃሬዛ አመጧት። ታስላለች፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሞቹ ቲቢ ጠርጥረው አክታ ላኩ። እኔ አክታን ሳላቀልም ጥቂቱን በአነስተኛው ሌንስ የማየት ልማድ አለኝ፤ ከጋሽ ውብሸት የቀረኝ ያ ብቻ ነበር። አየሁ። አክታው ውስጥ ቀጭን ረዥም እጭ ተጠማዞ ይዋኛል። ሁክዎርም ታጋሽ አይደለም፣ ሰው ውስጥም አይራባም። ይኼኛው ግን ይራባል። ዘበኛው ሲተኛለት አንጀቷን እየበሳ ወጥቶ፣ የአንጀትን ባክቴሪያ ተሸክሞ ደሟ ውስጥ ገብቷል። ዶክተር ናትናኤልን አስጠርቼ አሳየሁት።

ሮጦ ወጣ። የሚያስፈልጋት አይቨርሜክቲን ነው፤ ፋርማሲው ውስጥ የለም። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል። ዶክተሩ ኮሪደር ላይ ቆሞ ለደሳለኝ አስረዳው፤ «የኦንኮ መድኃኒት የሚባለው ነው፣ በየቀበሌው በዘመቻ የሚታደለው፣ ዓይን የሚያሳውረው የዝንብ በሽታ መከላከያ።»

ደሳለኝ የዶክተሩን ክንድ ያዘ። «እሱ እኔ ቤት አለ» አለ። «የማድለው እኔ ነኝ።»

የቀበሌው የመድኃኒት አዳይ እሱ ነበር። ቁመት መለኪያ ዱላ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ሰው እንደ ቁመቱ ፍሬ ይቆጠርለታል። በሕጉ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና በጠና የታመመ ሰው አይወስድም። ሚስቱ ታማሚ ስለሆነች ሁለት ዙር ዘልሏታል። ቀትር ላይ ወጥቶ መኪና ለምኖ ቡለን ሄደ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ፍሬዎቹን በመሀረብ ቋጥሮ ተመለሰ። በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተች።

ዶክተሩ የኔን ወረቀት ከካርዱ ነቅሎ ይዞ ላቦራቶሪ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።  «ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። «ምርመራውን ሦስት ጊዜ ማሠራት ነበረብኝ። አንቺ ስትስቂ ሳቅሁ።» ከዚያ «ለቤተሰቡ ማን ይነግራል?» አለኝ።

«እኔ እነግራለሁ» አልኩት።

ወጣሁ። ደሳለኝ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጧል። የጥሩነሽ ወንድምና ሌሎች ዘመዶቿ ቆመዋል። እሱ መሬቱን በመዳፉ እየመታ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ይላል። «ለጎረቤት ለካሁ፣ ለባዳ ለካሁ፣ እሱን፣ ሚስቴን፣ ዘለልኩ። መድኃኒቱ አልጋው ሥር ነበር። አልጋው ሥር!» ወንድሟ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አየሁ። ያኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። ከጠረጴዛው ያነሣሁት ወረቀት ገዋኔ ኪስ ውስጥ ነው። «እግዜር ያጽናህ» ብዬ ተመልሼ ገባሁ።

ዶክተር ናትናኤል ነገርሻቸው ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ሄደ። እኔም ዝውውር ጠይቄ አሶሳ ገባሁ። አሶሳ ላይ ሰዓት የምጠይቅ፣ አዮዲን የማልረሳ፣ ፕላስቲክ ቆርጬ እጭ የማስወርድ ሰው ሆንኩ፤ ጥንቃቄዬ ተመሰገነ። ፕሬድኒሶሎን ሊጀምር ያለ በሽተኛ ሁሉ ሰገራውን ሦስት ቀን ሳላይ አላሳልፍም ነበር። አንድ ቀን የራሴንም አየሁ፤ ፓዌ በባዶ እግሬ ያደግኩ ነኝና። ሦስት እጭ ወረደ። ሠላሳ ዓመት ተሸክሜው ኖሬያለሁ። እኔ ዘበኛዬ ስላልተኛ ተረፍኩ፤ መድኃኒቱን ዋጥኩና ዳንኩ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለ ደሳለኝ ከቡለን በመጡ ሰዎች እሰማ ነበር። «መድኃኒት ደብቆ ሚስቱን የገደለው» ይሉታል። የጥሩነሽ ወገኖች ፍሬሕይወትን ወሰዱበት። እሱም የማደል ሥራውን ተወው። በሰማሁ ቁጥር እሄዳለሁ እላለሁ። አሶሳና መተከል በአንድ ክልል ሆነው መንገዱ በሌላ ክልል ይዞራል፤ በኋላም ጸጥታው ደፈረሰ፣ መንገዱ ተዘጋ። «መንገዱ ባይዘጋ» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መንገዱ ሳይዘጋ በፊትም እኮ አልሄድኩም። ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ከሽኝቱ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ተነሣሁ። በሦስተኛው ቀን ቡለን ደረስኩ። ደሳለኝ ደጁ ላይ የዶማ እጀታ ይጠርባል፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ቤቱ ውስጥ የሴት ድምፅ የለም።

«አወቅከኝ?» አልኩት።

ብዙ አየኝ። «የላቦራቶሪዋ» አለ።

ቆሜ ነገርኩት። ዕቃው ለብ ይል እንደነበር፣ እንዳልጠየቅሁ፣ ምን ብዬ እንደሳቅሁ፣ ምን ብዬ እንደፈረምኩ፤ ስትሮንግሎይድስ ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ዶክተሩ ያንን መድኃኒት አስቀድሞ እንደሚሰጣት። እሱ የዘለላት ሕጉን አክብሮ እንደነበርም ነገርኩት።  የሚጠርብበትን መጥረቢያ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እዚያ ግቢ ውስጥ ስጮህ ነበርሽ» አለ። «ሰምተሽኛል።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ለኔ ነገርሽኝ። እኔ ምን አደርገዋለሁ?» ብሎ ተነሣ። «ነይ።»

ከፊት ከፊት ሄደ። ከወንዙ ማዶ የጥሩነሽ ወገኖች አጥር ጋ ስንደርስ ቆመ፤ ከበሩ አላለፈም። ዘጠኝ ዓመት ያንን በር አልፎ አያውቅም። እኔ ብቻዬን ገባሁ። የጥሩነሽ እናት ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፣ ወንድሟ ከብት ጋ ነበር፣ መጣ። ከቤት ደግሞ ቀጠን ያለች ልጃገረድ ወጣች። ግንባሯ የእናቷ ነው።

አሮጊቷ አማርኛ ብዙም አይሰሙም። ልጅቷ «ንገሪኝ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። እናም ለእናቷ እናት በሺናሽኛ የምታደርስልኝ እሷ ሆነች። አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ ትሰማለች፣ ታስተላልፋለች። ስለ ስላይዱ፣ ስለ ሳቄ፣ ስለ ፊርማዬ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «የገደላት የኔ ወረቀት ነው። አባትሽ መድኃኒት አልደበቀም፤ በሽተኛ አትስጥ የተባለውን ነው የፈጸመው። ይህን ያኔውኑ ማወቅ ነበረባችሁ፤ ፈርቼ ዝም አልኩ» ስል ግን አላስተላለፈችም። አሮጊቷ «ምን አለች?» የሚሉ ይመስለኛል፤ ደጋግመው ጠየቋት። ቆይታ፣ ፊቷን ወደ መሬት አድርጋ፣ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ወንድምየው ወደ በሩ ዞሮ አየ። ከአጥሩ ውጭ ደሳለኝ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል።

ፍሬሕይወት በአጠገቤ አልፋ እስከ በሩ ሄደች።

«አባ» አለችው፣ በአማርኛ። «ፀሐይ ላይ ቆመሃል። ግባ እንጂ።»

 በእጁ ፊቱን ጠረገና ዞረ። እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ማንም ተቀመጪ አላለኝም፣ እንዲሉኝም አልጠበቅኩም። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በሩ ላይ ተላለፍን። ቀና ብሎ አላየኝም።